ከመንገደኞች ጋር

ደራሽ ካልሲ ፍለጋ ባይወጣ ኖሮ ነገሩን አይሰማም ነበር። መሳቢያውን በርብሮ፣ አልጋ ሥር አጎንብሶ አይቶ፣ አንድ እግሩን ብቻ ለብሶ ልብስ ወደሚሰጣበት ጠባብ መተላለፊያ ብቅ ሲል የእናቱ ጸሎት እኩሌታው ላይ ደርሷል። የእናቱ ክፍል በር እንጨቱ ስለተጣመመ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ አያውቅም፤ እሳቸውም የሚጸልዩት ጮክ ብለው ነው። እግዜር ጆሮው ከብዶት አይደለም፤ የከበደው የእሳቸው ጆሮ ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ለፈጣሪ የሚያቀርቡትን አቤቱታ ከእግዜር ቀጥሎ ቤተሰቡ፣ ከቤተሰቡ ቀጥሎ ደግሞ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ይሰማዋል። ጸሎታቸው ወግ አለው። መጀመሪያ በሽተኞች፣ ቀጥሎ የታሰሩ፣ ቀጥሎ መንገደኞች፣ መጨረሻ ላይ የቤት ሰዎች። ሰው ሲድን ወይም ሲፈታ ወይም ከሄደበት ሲመለስ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ዝውውሩን የሚፈቅዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። የታችኛው ጎረቤት የሐሞት ጠጠሩ የወጣለት ሰሞን ደራሽን ደረጃ ላይ አስቁሞ፣ "ዛሬ ከበሽተኞች ጋር አልተጠራሁም፤ ድኛለሁ ማለት ነው" ብሎት ነበር፤ ሐኪሙ ገና መድኃኒቱን ሳያቆምለት።

"መንገደኞቹን፣" እያሉ ነበር እናቱ፣ "በየብስ ያሉትን፣ በባሕር ያሉትን፣ በሰማይ ያሉትን፣ የእህቴን ልጅ ያንን የከባድ መኪና ሹፌር፣ ልጄንም፣ መንገዳቸውን አቅናላቸው፤ በሰላም ወደየቤታቸው መልሳቸው።" ደራሽ ካልሲውን ከገመዱ ላይ እየሳበ ፈገግ አለ። እውነቷን ነው፣ ሥራ መሄዴ አይደል፣ አለ በሆዱ። ከዚያ የቤት ሰዎች ተራ ደረሰ። ሚስቱ ተጠራች፣ ከነወገብ ሕመሟ። ልጁ ተጠራች፣ ከነሒሳብ ፈተናዋ። ድመቷ ሳትቀር ተጠራች፣ የምታነባው ዓይኗ እንዲሻላት። "አሜን" አሉ እናቱ። ደራሽ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ካልሲውን ይዞ ቀረ። ድመቷ የቤት ሰው ናት፤ እሱ መንገደኛ ነው።

ደራሽ የመዝገብ ስሙ አይደለም። የሥራ ባልደረቦቹ ያወጡለት ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ቤት ገብቶ ቀረ። ሥራው ሊፍት መጠገን ሲሆን የተመደበው ድንገተኛ ክፍል ነው። ሰው በሁለት ፎቅ መካከል ተንጠልጥሎ ሲቀር፣ አንዷ ስታለቅስ አንዱ በሩን በቡጢ ሲደበድብ፣ የሚጠራው እሱ ነው። ከቤቱ ማዕድ ላይ እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ይሄዳል። በዕረፍት ቀኑም ይሄዳል፤ ተረኛው ሌላ ሰው ሆኖም ይሄዳል። በሩ ተከፍቶ ብርሃን ሲገባ ሰዎቹ ያቅፉታል፣ ይስሙታል፣ አሮጊቶች ይመርቁታል፣ ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ያጨበጭባል። ያ ጭብጨባ ለደራሽ ከደሞዙ ይበልጥበት ነበር። ቤት ውስጥ በር ስለከፈተ የሚያጨበጭብለት የለም፤ እንዲያውም "ዝጋው፣ ነፋስ ገባ" ነው የሚባለው። ሰሞኑን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ የድንገተኛ ክፍሉ ኃላፊ ሊያደርገው አስቧል፤ ከነመኪናው፣ ከነማይጠፋው ስልክ። ቁርጡን የሚናገርበት ቀን ዛሬ ነው። እሱ ልቡ ከቆረጠ ቆይቷል። ሚስቱ ስታኮርፍ "ሰው ማዳን እኮ ጽድቅ ነው" ቢላት፣ "ጽድቁ ቀርቶ በቅጡ በኮነነኝ" ብላው ፊቷን አዙራ ተኝታለች።

ቁርስ ላይ እንደተቀመጠ አላስችል አለው። ሚስቱ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ጠዋት ጠዋት በአንድ እጇ ትበላለች፣ በአንድ እጇ ቦርሳዋን ታዘጋጃለች።

"እማዬ ከመንገደኞች ጋር ነው የጠራችኝ" አላት ድምጹን ዝቅ አድርጎ።

"ዛሬ ነው እንዴ የሰማኸው?" አለች ቀና ሳትል።

"እንዴ! ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ኧረ ቆይቷል። ድመቷ ከመምጣቷ በፊት ነው።"

ልጁ አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ ሳትውጥ ሳቀች። "አባዬ፣ አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም፤ ሹፌሩም አብሮህ አለ" አለችው። ሚስቱም ሳቀች። ደራሽም እንደነገሩ ሳቀ፤ ግን ያን ጊዜ የሚጠጣበትን ስኒ አየው። ጠርዙ ወርቃማ፣ እጀታው ቀጭን፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከመስታወት ቁም ሳጥን የሚወጣው ስኒ ነው። የእሱ ሰማያዊ ስኒ እጀታው ተሰብሮ የልጁ እርሳስ ማስቀመጫ ከሆነ ቆይቷል፤ ማንም ሌላ አልገዛለትም፤ እሱም አልጠየቀም። እስከዛሬ በወርቃማው የሚጠጣው ተከብሮ መስሎት ነበር። እናቱ በዚህ መሃል ግድግዳውን ይዘው ከክፍላቸው ወጡ፤ አዩትና "አልሄድክም? መኪናው እንዳያመልጥህ" አሉት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው አንድ ዳቦ በወረቀት ጠቅልለው ቦርሳው ውስጥ ከተቱለት። ደራሽ ያን ዳቦ የእናት ፍቅር ነው ብሎ ስንት ጊዜ በልቶታል። ዛሬ ገና ገባው፤ ለካ ስንቅ ነው።

አውቶብስ ውስጥ ነገሩን ለመርሳት ሞከረ። የአሮጊት ነገር ነው አለ። እማዬ አርጅታለች፣ ተቀላቅሎባታል አለ። ግን እናቱ የታችኛውን ጎረቤት ሐሞት ጠጠር ከነወጣበት ቀኑ የሚያስታውሱ ሴት ናቸው፤ የሚቀላቀልባቸው ነገር የለም። ተቆጣ። ለማን ብዬ ነው የምለፋው አለ። ተሳፋሪው መሃል ቆሞ ለማን ብሎ እንደሚለፋ ሊያሰላ ሲሞክር መልሱ ቶሎ አልመጣለትም፤ እሱም ይበልጥ አናደደው። መሥሪያ ቤት ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ጠበቀው። ሰውየው ደግ ነው፤ ጉድለቱ ሁሉም ሰው እንደሱ ቢሮ ውስጥ የሚያድር መስሎ የሚታየው መሆኑ ብቻ ነው። "እስከ ሥራ መውጫ ድረስ መልስህን እፈልጋለሁ" አለው። "እሺ እንደምትለኝ ግን አውቃለሁ። አንተ የሌለህበት ድንገተኛ ክፍል ጨው የሌለው ወጥ ነው።" ቀጭኑ የሚሉት ባልደረባው አጠገባቸው ቆሞ መፍቻውን በጨርቅ ይጠርጋል። ቀጭኑ ወንደላጤ ነው፣ እጁ ጥሩ ነው፣ ሹመቱንም በሆዱ ይመኛል። ግን ደራሽ እያለ ማን ስሙን ያነሳል?

ብዙም ሳይቆዩ ስልክ ተደወለ። የጠበቆችና የሐኪሞች ቢሮ የሞላበት አንድ ፎቅ ላይ ሁለት ሰዎች ሊፍት ውስጥ ታስረዋል። ደራሽ ይሄኔ ነፍሱ መለስ አለች። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። የሕንጻው ጥበቃ ከኋላው እያለከለከ ታሪኩን ነገረው፤ ወንድማማቾች ናቸው፣ ውርስ ሊካፈሉ ጠበቃ ዘንድ የመጡ፣ ለየብቻ የመጡ፣ ሊፍቱ በር ላይ ሲገናኙ ሰላምታ እንኳን ያልተለዋወጡ። ደራሽ ኃይሉን አጥፍቶ፣ ሊፍቱን በእጅ እያንቀሳቀሰ ቀስ አድርጎ ከወለሉ ጋር አስተካከለው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ደራሽ ሸሚዙን አስተካክሎ፣ መክፈቻውን ሰክቶ፣ በሩን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ከፈተው፤ እንደልማዱም ለመታቀፍ ደረቱን ነፋ። ወንድማማቾቹ ጫማቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አንድ ከረጢት ብርቱካን አለ፤ ታናሹ እየላጠ ለታላቁ ያቀብላል። አንዱ የሆነ ነገር ሲናገር ደርሶባቸው ሁለቱም በሳቅ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ደረስክ?" አለ ታላቁ፣ ቅር እንዳለው ሁሉ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ መንገዱ ተዘጋግቶ ነው የዘገየሁት።"

"ኧረ ቸኮልክ ነው የምልህ! አንድ ግቢ እየኖርን እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም። እስቲ በሞቴ፣ ትንሽ መለስ አድርገው።"

ጥበቃው ብቻውን ሁለት ጊዜ አጨበጨበና ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ እጁን ኪሱ ከተተ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ "ዝጋብን" ያለው ሰው የለም። በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርጎ መለሰው፤ የሕንጻው አስተዳዳሪ መጥቶ "ምን እየጠበቅን ነው?" ሲለውም ዓይኑን ሳያሽ "ፍተሻ ይቀረኛል" ብሎ ዋሸ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ቦርሳውን ከፈተና ስንቁን በላ። ከበሩ ክፍተት የሁለቱ ሰዎች ሳቅ እየመጣ ነው። አሳዘነውም አስቀናውም። እሱ ከማን ጋር ነው እንዲህ የተቀመጠው? ከልጁ ጋር መቼ ነው ብርቱካን የላጠው? ጽድቅ ጽድቅ ሲል የከረመው ነገርም ያን ጊዜ ዓይኑ ላይ ወለል ብሎ ታየው። ፈጣሪ የታሰረ አስፈታ ማለቱን ያውቃል፤ ግን ቀጭኑም እኮ በሩን ይከፍታል። እሱ የሚሽቀዳደመው ለታሰሩት አልነበረም፤ ለጭብጨባው ነበር። ይሄን ለራሱ ሲናገር ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ደግነቱ ደረጃው ላይ የሚያየው አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁን የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀው። ሰውየው ከወንበሩ ተነሳ። "ማን ሞተ?" አለ። ማንም አልሞተም ቢለውም አላመነውም፤ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ "አይዞህ፣ በርታ" ብሎ ሸኘው። ደራሽ ቤቱ ባዶ እጁን መግባት ከበደው። እናቴን በአንድ ነገር ደስ ባሰኛት ወደ ቦታዬ ትመልሰኛለች ብሎ አሰበ፤ ወንዶች ሲጨንቃቸው ሁልጊዜ ሱቅ ነው የሚታያቸው። ጫማ ቤት ገብቶ ውስጡ ሱፍ የሆነ ለስላሳ የቤት ጫማ መረጠ። ለእናቱ መሆኑን ሲነግራት ሻጯ "ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ቁጥራቸው ስንት ነው?" አለችው። ደራሽ የከተማውን ሊፍት ሁሉ የበሩን ስፋት በቃሉ ያውቃል፤ የእናቱን እግር ቁጥር አያውቅም። በሁለት እጁ አየር ላይ ለክቶ አሳያት። ሻጯ እጆቹን አየች፣ ጫማውን አየች፣ "እንግዲህ እግዜር ያውቃል" ብላ ጠቀለለችለት።

ፀሐይ ገና ግድግዳው ላይ እያለች ሰፈር ሲደርስ የታችኛው ጎረቤት ደረጃ ላይ ክው ብሎ ቆመ፤ "ምነው በደህና? በዚህ ሰዓት!" አለው። በሩን የከፈተችለት ልጁም "አባዬ፣ ተባረርክ እንዴ?" አለችው። እናቱ ግን አልደነገጡም። "ምን ረሳህ?" ብቻ አሉት። ምንም አልረሳሁም ብሎ ጫማውን አወጣና ተንበርክኮ ሊያጠልቅላቸው ሲል አልገባ አለ። እግራቸው አብጧል። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ስርጉድ ብሎ ቀረ።

"መቼ ነው እንዲህ ያበጠው እማዬ?"

"ኧረ ሰነበተ። ሚስትህ ሐኪም ቤት ወስዳኝ መድኃኒቱን ጀምሬያለሁ፤ አሁን ተሽሎኛል።" ጫማውን አገላብጠው አዩት፣ መረቁት፣ ከዚያ በር አጠገብ በሥርዓት ደርድረው አስቀመጡት። "ጥሩ ነው፤ ለእንግዳ ይሆናል" አሉ።

እግራቸው አብጦ ደራሽ ሳያውቅ ሊሻላቸው ነው። ሊቀመጥ ዞር ሲል የእሱ ወንበር ላይ ድመቷ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ባለቤት ናትና ዓይኗን እንኳ አልገለጠችም። እጁ ሥራ ከፈታ ጭንቅላቱ አያርፍም፤ ስለዚህ መፍቻና መላጊያውን አውጥቶ የእናቱን የተጣመመ በር ሊያቃና ተጠጋ። አፍሮም ነበር፤ የሰው በር ሲከፍትና ሲዘጋ እየዋለ የእናቱን በር አንድ ቀን ባለመንካቱ።

"ተው!" አሉ እናቱ ከተቀመጡበት። "በሩን እንዳትነካው። ጥርቅም ብሎ ከተዘጋ ማን ይሰማኛል?"

"እግዜር ይሰማሻላ።"

"እሱማ ይሰማኛል። እኔ የምልህ ሌላውን ነው።"

ደራሽ መላጊያውን ይዞ ቆመ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው። መተላለፊያው ላይ፣ ልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ቆሞ አነሳው።

"መጀመሪያ እግዜር ያጽናህ። ሁለተኛ፣ መልሱስ?" አለ ሰውየው።

ባዶውን ወደ ወለል ሲወርድ የሚሰማው የሊፍት ድምፅ፣ የሕዝቡ ጭብጨባ፣ የሚሳለሙት እጆቹ፣ ሁሉም ደራሽን ውል አሉት። ደስ የሚል ነገር ነውና መተዉ ያማል። "ቀጭኑን ይሹሙት። እኔን ቀን ፍተሻ ላይ ይመድቡኝ" አለ።

"ፍተሻ? ደራሽ፣ አብደሃል? ሳይበላሽ በፊት እየዞርክ ስታይ ብትውል ማን ያመሰግንሃል? ያልቆመ ሊፍት ማን ያጨበጭብለታል?"

"ማንም አያጨበጭብለትም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ማታ ቤቴ እገባለሁ።"

ሥራ አስኪያጁ ሐዘን ነው፣ ያልፍለታል ብሎ ስልኩን ዘጋ። ደራሽ ለእናቱ አልነገራቸውም። ሚስቱ ስትገባ ድንች ሲልጥ አገኘችው፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ እሱም ድንቹን ትኩር ብሎ አየ። "ኃላፊነቱን ቀጭኑ ይውሰደው ብያለሁ" አላት። መጣችና የላጠውን ድንች አንስታ "ግማሹን ከነልጣጩ ጣልከው እኮ" አለችው፤ ድምጿ ግን ልስልስ ያለ ነበር፣ አጠገቡም ተቀምጣ አብራው ትልጥ ጀመር። ከዚያ ማታ የሚጸለይበት ሰዓት ደረሰና እናቱ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ደራሽ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ ወደ መተላለፊያው ሄደ። ሚስቱና ልጁም ተከትለውት አንድ ላይ ታጭቀው ቆሙ።

በሽተኞች ተጠሩ። የታሰሩ ተጠሩ። "መንገደኞቹን" ሲሉ ደራሽ ትንፋሹን ያዘ። የየብሱ፣ የባሕሩ፣ የሰማዩ፣ ሹፌሩ። አለቀ። እሱ የለበትም! ልጁ በክርኗ ጎሸም አደረገችው። የቤት ሰዎች ቀጠሉ፤ ሚስቱ፣ ልጁ፣ ድመቷ። እዚያ ላይ እናቱ ዝም አሉ። አሜንም አላሉም። ደራሽ ላብ አጠመቀው፤ ከሁለቱም ተሰርዟል።

"ጌታዬ፣" አሉ እናቱ እንደገና፣ በበሩ ክፍተት እያዩ ድምጻቸውን ይበልጥ ከፍ አድርገው፣ "አንድ ከበር ጀርባ የቆመ ሰው ደግሞ አለ። መንገደኛ እንዳልለው ጫማውን አውልቋል። የቤት ሰው እንዳልለው አይገባም። የት ላድርገው?"

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። ደራሽ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። አባባሉን ቀኑን ሙሉ ሲያዘጋጅ ውሎ የወጣው የልጅ ቃል ነው። "ለምንድን ነው ያስወጣሽኝ እማዬ? ልትቀጪኝ ነው?"

"ቅጣት?" እናቱ ዞረው አዩት፤ ከልባቸው ተገርመዋል። "የቤት ሰው ፊቴ ነው። መብላቱን፣ መክፋቱን፣ ማንከሱን ዓይኔ ያየዋል። ለእሱ እኔም አለሁለት። አንተን ግን አላይህም ነበር። የማላየውን ለሚያየው ነው የምሰጠው። እንዲያውም ከቤት ሰዎቹ በፊት ነው የምጠራህ፤ መጀመሪያ እንዲሰማኝ ብዬ።"

ደራሽ ያበጠውን እግራቸውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው። "አሁንስ? አሁን የት ነኝ?" አላቸው።

"የዛሬው ጸሎት አለቀ" አሉ እናቱ፣ ሳቃቸውን ለመደበቅ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈን አድርገው። "ነገ ጠዋት ካልሲህን ስትፈልግ ትሰማዋለህ።"

እራት በሉ፣ ሰሃን አጠበ፣ ስልኩን አጠፋ። ሁሉም ሊተኛ ሲነሳ ደራሽ መሳቢያውን ከፈተ። ካልሲዎቹ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዱን ጥንድ መዘዘና በእግር ጣቱ ወደ መተላለፊያው ሄዶ፣ ከእናቱ በር ትይዩ ገመዱ ላይ አሰጣው።